አዲሱን ስቴሪዮ በየትኛው አልበም ልፈትነው?

ከአንድ ጠያቂ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለሳሎናቸው አምፕሊፋየርና ሁለት መካከለኛ የመደርደሪያ ስፒከሮች ገዝተዋል። ሱቅ ውስጥ ሻጩ በከፈተላቸው ሙዚቃ ልባቸው ተማርኮ ነበር። ቤት ገብተው የሚወዷቸውን የድሮ ትዝታዎች ሲያጫውቱ ግን ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለባቸው፣ ቤዙም ጠፋ። የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ስቴሪዮውን የሚፈትኑባቸው፣ በጥራት የተቀረጹ አልበሞች የትኞቹ እንደሆኑ ይጠይቃሉ።

ለመመለስ አይቸኩሉ። እስካሁን ካዳመጡት፣ ከሻጩ ሙዚቃም ከራስዎ ትዝታዎችም፣ ስለ ስፒከሩ እውነቱን ማወቅ አይቻልም። ሱቅ ውስጥ የሚከፈተው ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በለሆሳስ የምትዘፍን ሴት፣ አንድ ጊታርና ብዙ ዝምታ ያለበት ነው፤ እንዲህ ያለው ቅጂ ርካሹንም ስፒከር ያሳምረዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲገለባበጥ የኖረ የድሮ ካሴት ደግሞ ጥሩውንም ስፒከር ያሳማዋል። ለፈተና የሚሆነው ገና ሳይከፍቱት ምን መሰማት እንዳለበት የሚያውቁት አልበም ነው። የቀረጻው ጥራት የግድ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። መሣሪያው ምን እንደነበር፣ ማን በየት በኩል እንደቆመ፣ ክፍሉ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ የዘፋኙ ድምፅ በተፈጥሮው ወፍራም ይሁን ቀጭን ካላወቁ፣ የሰሙት ጉድለት የስፒከሩ ይሁን የቀረጻው መለየት አይችሉም።

በመጀመሪያ የካሴቱን ነገር እናጥራው። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራበት ትልቁ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ይሮጣል። የካሴት ክር ወርዱ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ የሚሮጠውም በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው፤ በዚያች ጠባብ ክር ላይ የሁለቱ ገጽ ግራና ቀኝ ተደምሮ አራት መስመር ይሰፍራል። ከዚያ የሙዚቃ ቤቱ ቅጂ ይመጣል፣ ከሙዚቃ ቤቱ የጓደኛ ቅጂ፣ ከጓደኛው ደግሞ የጎረቤት። በእያንዳንዱ ግልበጣ ሹሹታው ይጨምራል፣ ከላይ ያለው የጸናጽል ጥራት ይደበዝዛል። በመጨረሻ አንድ ሰው ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባው የደበዘዘውን ለመመለስ ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን የላይኛውን ድምፅ፣ ከፍ ያደርጋል፤ ትሬብሉ ሲነሳ ሹሹታውም አብሮ ይነሳል። ትንሽ ራዲዮ ወይም የመኪና ቴፕ ይህን ሁሉ ይሸፍነው ነበር። አዲሱ ስፒከርዎ አይሸፍነውም። ስለዚህ ቆርቆሮ ያሉት ድምፅ ቢያንስ በከፊል ከቅጂው የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤዙ መጥፋት ግን ሌላ ጥርጣሬ አሳድሮብኛል። ከአምፕሊፋየሩ ወደ እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ገመድ ይሄዳል፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መታሰር አለበት። በአንደኛው ስፒከር ላይ ብቻ ከተገላበጠ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ዘፋኙም ከመሃል ጠፍቶ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ምንም ነገር አይቃጠልም፣ ሙዚቃውም አይቋረጥም፤ ለዚህም ነው ሰዎች ሳያውቁት ለዓመታት እንዲህ የሚያዳምጡት።

ይህን ለማጣራት የምመርጠው አንድ ዘፈን ነው። ሱዛን ቬጋ በ1987 ባወጣችው «ሶሊትዩድ ስታንዲንግ» አልበም ላይ «ቶምስ ዳይነር» የሚባለው ዘፈን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ የኤምፒ3ን አሠራር ሲያጣራ ደጋግሞ የፈተነው በዚህ ዘፈን ነበር፤ ከኋላው የሚሸሽግበት መሣሪያ ስለሌለ በድምፁ ላይ የሚደርስ ትንሽ ጉዳት ሁሉ ይጋለጣል። እርስዎ ደግሞ ለሌላ ነገር ይጠቀሙበት። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀው ይቀመጡና ዓይንዎን ይጨፍኑ። ድምፁ በስፒከሮቹ መሃል፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ሴት ቆማ የምትዘፍን ሆኖ መሰማት አለበት። ጣትዎን ወደ እሷ መጠቆም ከቻሉ ገመዱ ደህና ነው። ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ተበትኖ፣ ከጀርባዎም ከጎንዎም የሚመጣ ከመሰለ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው የአንደኛውን ስፒከር ገመዶች ያገላብጡና እንደገና ያዳምጡ። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር አዲስ አልበም ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ዋናው ፈተና የሰው ድምፅ ነው፤ ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ከማንኛውም መሣሪያ አስበልጦ የሚያውቀው እሱን ነውና። እዚህ ላይ የትሬሲ ቻፕማንን፣ በ1988 የወጣውንና በራሷ ስም የተሰየመውን የመጀመሪያ አልበም አስቀድማለሁ። በሃርማን ኩባንያ የሠሩት ተመራማሪዎች ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ ስፒከሮችን በመጋረጃ ጋርደው አድማጮችን ሲያስመርጡ፣ ጉድለትን በማጋለጥ ከፊተኞቹ ተርታ ከተገኙት ዘፈኖች አንዱ በዚህ አልበም ላይ ያለው «ፋስት ካር» ነው። ስፒከሩን እያየ የሚያዳምጥ ሰው በመልኩና በመጠኑ ፍርዱ እንደሚዛባ ያሳዩትም እነሱ ናቸው፤ እርስዎም ከቤተሰብ አንዱ ሰው ከጀርባዎ ሆኖ ቢቀያይርልዎ ይጠቅማል።

ዘፈኑ በጊታር ብቻ ይጀምራል፣ ከዚያ ዝቅ ያለው የቻፕማን ድምፅ ይገባል፣ ቆይቶ ከበሮና ቤዝ ይከተላሉ። ድምፅዋ ከደረቷ የሚወጣ ነው። ከአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለዎት ስፒከሩ መካከለኛውን ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ያጎብጠዋል ማለት ነው። ሣጥን ውስጥ ገብታ የምትዘፍን ከመሰለ ደግሞ ችግሩ ዝቅ ብሎ ያለ ነው፤ ስፒከሩ ከግድግዳ ወይም ከማዕዘን ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠም ይህ ይደርሳል፣ ስለዚህ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ሁለት ስንዝር ወደፊት ያውጡት። ሦስተኛውን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ከበሮው ሲገባ የዘፋኟ ድምፅ እንደ ቀድሞው መጠኑና ቦታው ላይ ይቆያል? ወይስ ይሸማቀቃል? የሚሸማቀቅ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ወይም ስፒከሩ ከአቅሙ በላይ እየተጠየቀ ነው።

በእንግሊዝኛ ዘፈን ብቻ መፈተን ግን ለእኛ ጆሮ ጎዶሎ ነው። በባዕድ ቋንቋ አንድ ቃል ቢደበዝዝብን ሳናውቀው እናልፈዋለን፤ በአማርኛ ሲሆን ግን ወዲያው «ምን አለች?» እንላለን። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የምንላቸው ድምፆች ደግሞ ጉሮሮ ተዘግቶ በድንገት የሚፈነዱ ናቸው፣ ጊዜያቸው በጣም አጭር ነው። ቀርፋፋ ስፒከር ጫፋቸውን ያደበዝዘዋል፣ ትሬብሉ ያለ ልክ የተጋነነ ስፒከር ደግሞ ጆሮ እንዲወጉ ያደርጋቸዋል። የአስቴር አወቀን «አስቴር» (1989) ወይም «ካቡ» (1991) ይውሰዱ። ሁለቱም ከካሴት ዘመን ግልበጣ የተረፉ፣ ለዓለም ገበያ በሲዲ የወጡ አልበሞች ናቸው። አስቴር ድምፅዋን ስታንቀረቅብ እያንዳንዱ እጥፋት ከቀጣዩ ተለይቶ መሰማት አለበት፤ ትንፋሽ ስትስብም ቃል ከመጀመሯ በፊት መስማት አለብዎት። ስ እና ሽ ወደ ጆሮዎ የሚተኮሱ ከሆነ የስፒከሮቹን ፊት ቀጥታ ወደ እርስዎ ከማዞር ትንሽ ወደ ውጭ ይመልሱ። ትዊተሩ፣ ማለትም ላይኛዋ ትንሿ ስፒከር፣ ኃይሏን ሁሉ ፊት ለፊት ስለምትወረውር ጥቂት ማዞር ብዙ ይለውጣል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም አብልጬ ወደምወደው ፈተና ልምጣ፤ እሱም በገና ነው። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። የውጭ አገር የስቴሪዮ ባለሙያዎች በፒያኖና በቼሎ ይፈትናሉ፤ ደህና ናቸው፣ ግን ብዙዎቻችን ፒያኖን በቅርብ ሆነን የሰማነው ከስንት አንዴ ነው። በገናን ግን በዓቢይ ጾም ያልሰማ ጥቂት ነው፣ አጠገቡ የተቀመጠም ብዙ ነው። አሥር ክር አለው። እያንዳንዱ ክር በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ክሩ ሲመታ እሷን እየነካ ስለሚርገበገብ ያ የምናውቀው የሚንዘረዘር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይወጣል። ለፈተና ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከታች ወፍራሙ የክሩ ድምፅ አለ፣ ከላይ በጣም ብዙ ተደራራቢ ድምፆች ያሉት መንዘርዘር አለ፣ ሁለቱም ከአንድ ክር፣ ከአንድ ቦታ የሚወጡ ናቸው። ታችኛውን የሚያወጣው ዉፈርና ላይኛውን የሚያወጣው ትዊተር በደንብ ካልተዋሐዱ መንዘርዘሩ ከክሩ ተነጥሎ፣ ወደ ላይ ተንሳፎ ይሰማል። ስፒከሩ ራሱ የሚያዛባ ከሆነ ደግሞ የእንዝራው መንዘርዘር ወደ መሻከር ይለወጣል። ያልለመደ ሰው የበገናውን መንዘርዘር ከስፒከር መሰንጠቅ ጋር ያምታታል፤ እርስዎ ግን እውነተኛውን ስለሚያውቁ አይሳሳቱም። በጥሩ ስቴሪዮ ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ቃና ኖሮት፣ የገበቴው ባዶነት ከኋላው እየተሰማ፣ የዘማሪው ድምፅ ከመሣሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ድምፁን አብዝተው አይክፈቱት። ሰው ከፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ቢደረድር በሚሰማዎት ልክ ይሁን፤ በገና ጮሆ የሚሰማ መሣሪያ ስላልሆነ ከዚያ ካለፉ ግዙፍ፣ የሌለ መሣሪያ ይፈጥራሉ።

የቦታ ስሜት፣ ማለትም ማን በየት እንዳለና ክፍሉ ምን ያህል እንደሆነ መስማት፣ ሌላ ዓይነት አልበም ይፈልጋል። ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው ተቀርጾ በኋላ በማደባለቂያ ግራና ቀኝ በተደለደለበት አልበም ይህን መፈተን አይቻልም፤ ያ ቦታ በቁልፍ የተሠራ ነው። ካናዳዊው ቡድን ካውቦይ ጃንኪስ «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን» የተባለውን አልበም አብዛኛውን ክፍል ኖቬምበር 27 ቀን 1987 ቶሮንቶ በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ተሰብስበው ነው የቀረጹት። ማን ይቅረብ፣ ማን ይራቅ የሚለው የተወሰነው በእግር ተንቀሳቅሶ ነው። ስለዚህ ርቀቱ የእውነት ርቀት ነው፤ ጥሩ ስቴሪዮ ከስፒከሮቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አስረስቶ ወደ ኋላ የሚዘልቅ አዳራሽ ያሳይዎታል። የመጀመሪያው ዘፈን በድምፅ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይሰማል። ይህን ጉርምርምታ ካልሰሙ አይዘኑ፣ ትናንሽ ስፒከሮች እዚያ ድረስ አይወርዱም።

በዚህ ረገድ ስቶክሆልም በሚገኘው ስታምፔን በተባለ የጃዝ ቤት በዲሴምበር 1976 በሁለት ምሽት የተቀረጸው «ጃዝ አት ዘ ፖውንሾፕ»ም በስቴሪዮ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው። የብርጭቆው ግጭትና የደንበኞቹ ወሬ ከሙዚቀኞቹ በተለየ ርቀት ላይ መሰማት አለበት። ሙዚቃው ራሱ ግን ለእኔ ጣዕሙ መካከለኛ ነው፤ ካልወደዱት ለፈተና ብቻ ብለው አይግዙት፣ የማይወዱትን ሙዚቃ በትኩረት ማዳመጥ አይቻልም።

የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ግን በሁለቱም በኩል ይክሳል። በ1959፣ ማርችና ኤፕሪል ውስጥ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ የ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ በሦስት መስመር ቴፕ ተቀረጸ። ስቱዲዮው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንጻ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ ትራምፔቱ ተነፍቶ ሲያበቃ አየሩ ውስጥ ሲከስም ይሰማል። ማይልስ መሃል ነው፣ የጆን ኮልትሬን ቴነር ሳክስፎን በግራ፣ የካኖንቦል አደርሊ አልቶ በቀኝ። ኮልትሬን በቀኝ ከመጣብዎት የግራና የቀኝ ገመድዎ ተለዋውጧል። ስለዚህ አልበም ማወቅ ያለብዎት አንድ ሌላ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን ማስተሩን (ዋናውን ቴፕ) የቀዳው ማሽን ፍጥነቱ ትክክል ስላልነበረ የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ዘፈኖች ለ30 ዓመታት ያህል ከእውነተኛው ቃና ትንሽ ከፍ ብለው ሲሸጡ ኖረዋል፤ የተስተካከለው ከ1990ዎቹ ወዲህ በወጡት እትሞች ላይ ነው። አንድ አልበም በስሙ ብቻ «በጥራት የተቀረጸ» አይባልም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው እትም እንደሆነ ይጠይቁ።

የእትም ነገር ከተነሳ፣ «ሪማስተርድ» (ከዋናው ቅጂ እንደገና የተዘጋጀ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ የተሻለ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ አሳታሚዎች ዘፈኑ ከሌላው ጮሆ እንዲሰማ በለሆሳስና በጩኸት መካከል ያለውን ርቀት ጨፍልቀውታል። የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 ሲወጣ ጭፍለቃው ድምፁን እስከ መሰንጠቅ አድርሶት ነበር፤ አድናቂዎች የዚያኑ አልበም ያልተጨፈለቀ ቅጂ በቪዲዮ ጌም ውስጥ አግኝተው ልዩነቱን አሰሙ። እንዲህ ያለ አልበም በሁሉም ስፒከር ላይ አንድ ዓይነት አድካሚ ስለሆነ ምንም አይነግርዎትም። በዘመናችን የሚወጡ የአገራችን አልበሞች ብዙዎቹም ለስልክና ለመኪና ታስበው ይጨፈለቃሉ፤ ዘፈኑን ይውደዱት፣ ምስክር ግን አያድርጉት።

ለሆሳስና ጩኸት ሳይጨፈለቁ ሲቀሩ ምን እንደሚመስሉ ለመስማት የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» ጥሩ ነው፤ በዚያው በ1959፣ በዚያው ስቱዲዮ የተቀረጸ ነው። «ቴክ ፋይቭ» ላይ ጆ ሞሬሎ ከበሮውን ብቻውን ሲይዝ እያንዳንዱ ምት ቆዳውን ሲነካና ቆዳው ሲመልስ ለየብቻ ይሰማል። የስቲሊ ዳንን «ኤጃ» (1977) ብዙ ባለሙያዎች ይጠቅሳሉ፣ በቀረጻ ጥራት የግራሚ ሽልማት ያገኘ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር እጅግ ስለተስተካከለ መካከለኛ ስቴሪዮ ላይም ያምራል። የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ» (2010) ከእሱ አስበልጣለሁ። የቫይብራፎኑ ብረት ሲመታ ያለውን ጠንካራ ጅማሬና ከዚያ በኋላ የሚቆየውን ለስላሳ ጭራ በአንድነት ማውጣት ለትዊተር ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ቤዙ። የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 የወጣው «ጂጂ» አልበም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፣ በወፍራም ቤዝ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮው ሳንደርስም ተሳትፈውበታል። ቤዙ ወፍራም ሆኖ ሳለ የጂጂ ድምፅ ከላዩ ጥርት ብሎ መቆም አለበት። ቤዙ ድምፅዋን ካደፈረሰባት ወይም አንዱ የቤዝ ኖታ ክፍሉን ሞልቶ ቀጣዩ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ክፍልዎ 4 ሜትር ርዝመት ካለው፣ ሁለት እጥፉ 8 ሜትር ነው፤ 343 ለ8 ሲካፈል 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) ገደማ ይመጣል። በዚህ ድምፅ ላይ ክፍሉ ራሱ ያስተጋባል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ያ ክር ሲመታ ግድግዳው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይጎሽመዋል፣ ልክ በክፍሉ መሃል የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይኸው ድምፅ ይጠፋበታል። የእርስዎ ሶፋ ምናልባት መሃል ላይ ነው? ገመዱ ትክክል ሆኖ ቤዙ አሁንም ከጎደለ ወንበርዎን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡና ያንኑ ዘፈን እንደገና ያጫውቱ። ለውጡ ብዙ ሰው በውድ ገመድ ከሚጠብቀው ሁሉ ይበልጣል። ከዚህ በተረፈ ዉፈሩ 13 ሴንቲሜትር የሆነ የመደርደሪያ ስፒከር 41 ኸርዝን በሙሉ ጉልበቱ እንዲያወጣ አይጠበቅም። የጎደለውን መሠረት ጆሯችን ከላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች አገናኝቶ ይረዳዋል፤ የሚፈለገው ያለው ቤዝ ኖታው ተለይቶ እንዲሰማ ነው። «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ላይ የፖል ቻምበርስን ቤዝ እየተከተሉ ማዜም ከቻሉ ስቴሪዮዎ ይህን አልፏል።

እነዚህን ሁሉ ሲያጫውቱ ኢኳላይዘሩን ዜሮ ላይ ያድርጉት፣ «ላውድነስ» የሚለውን ቁልፍ ያጥፉ። ከዩቲዩብም ሆነ በብሉቱዝ አይፈትኑ። ሲዲ ካለዎት ሲዲ፣ ከሌለዎት ሎስለስ (ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ የሚተላለፍ) የሚባለውን የስትሪሚንግ ምርጫ ይውሰዱ፣ አፕል ሙዚክም ታይዳልም አላቸው፤ ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን በገመድ ያገናኙ። ሁለት ስፒከር የሚያወዳድሩ ከሆነ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ፤ በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ለዚህ ይበቃል። በጥቂቱ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ያለዚህ የሚደረግ ውድድር ዋጋ የለውም። በሻጩ ሱቅ የሆነውም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ትዝታዎቹ ደግሞ አንድ ፈተና ልስጥዎ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ የሠራው አልበም መጀመሪያ በካሴት የወጣ ነው፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ»ን አወጣ። አንድ ሰው ነው፣ የአጨዋወቱ መንፈስም ያው ነው፣ የቀረጻው ዘመን ብቻ ተለያይቷል። ሁለቱን አከታትለው ያጫውቱ። «ላላ በሉ» ሰፊና ሙሉ ሆኖ፣ የ1985ቱ ጠበብ ብሎ ከተሰማዎት ስፒከሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ልዩነቱን በታማኝነት አሳይቶዎታል። ሁለቱም ቆርቆሮ ከሆኑ ግን ቅሬታዎ ተገቢ ነው። የሚወዷቸውን የድሮ ዘፈኖች ከግልበጣ ቅጂ ይልቅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በኩል ባሳተማቸው የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች ይፈልጓቸው። ያላቸውን ሹሹታ ይታገሡት። ለደስታ በሚያዳምጡበት ጊዜ ትሬብሉን ትንሽ ዝቅ ማድረግም ነውር አይደለም።

መመለስ ያለብዎት መቼ ነው? ገመዱ፣ ወንበሩና ምንጩ ከተስተካከሉ በኋላም የቻፕማን ድምፅ ከአፍንጫ መውጣቱን ካልተወ፣ የአስቴር ስ መውጋቷን ካላቆመች፣ ወይም በገናው በመካከለኛ ድምፅ ከሻከረ ስፒከሩን ይመልሱና ሌላ ሞዴል ይምረጡ፤ እነዚህን ዘፈኖች ይዘው ሄደው በሱቁም ያሰሙዎት። ችግሩ በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱን ቦታ ያቀያይሯቸው። ጉድለቱ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ከሄደ ያ ስፒከር እንከን አለበት፣ ያንኑ ሞዴል ይቀይሩልዎ። ስፒከሩ ተቀይሮ ጉድለቱ እዚያው ጎን ከቀረ ደግሞ አምፕሊፋየሩን፣ ገመዱን ወይም በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳና መስኮት ይመርምሩ። እስከዚያው ካርቶኑንና ፎሙን አይጣሉ፤ ብዙ ሱቆች ያለ እሱ አይረከቡም።